አርባ ተማሪ፣ አንድ ኮስተር፣ አራት ቀን

ከደብረ ታቦር የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ 45 ሆነን ወደ ባሕር ዳር የአገልግሎት ጉዞ ለማድረግ አስበናል፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ። ዕድሜያችን ከ15 እስከ 26 ነው። ያቀድነው ጎዳና ላይ ያሉ ልጆችን ማብላት፣ ሆስፒታል ሕሙማንን መጠየቅ፣ ማረሚያ ቤት መዝሙር ማቅረብ፣ በአንድ ደብር ያሉ 40 የሚሆኑ የአብነት ተማሪዎችን ልብስ ማጠብና በመጨረሻ በጀልባ ገዳም መሳለም ነው። ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ተሰብስቧል። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ብንሄድ ይሻል ይሆን? ከምንስ እንጀምር? ቲሸርትና ባነር ልናሠራ ነውና ምን ብናጽፍበት ትመክሩናላችሁ?»

እኅታችን፣ ከመሰረዝ ጀምሩ። ከአምስቱ ሥራ ሦስቱ ይውጡ። የተማሪዎቹ ልብስ አጠባ ይኑር፣ እሑድ ደግሞ ጀልባው፤ በቃ።

መንገድ ዳር ድስት አውርዶ ማደል ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግፊያ ይሆናል። ጉልበት ያለው ሦስቴ ይበላል፤ ትንሹ ባዶ እጁን ይመለሳል። ማረሚያ ቤት የራሱ ፈቃድና የጉብኝት ቀን ስላለው ለአንድ ሰዓት መዝሙር ሙሉ ቀን ይበላባችኋል። ሆስፒታል በቡድን መግባት ለአስታማሚውም ለነርሱም ጭንቅ ነው፤ ይዛችሁ የምትገቡትን ምግብ ሕመምተኛው ይብላው አይብላው እናንተ አታውቁም። ለሕሙማን አንድ ነገር እናድርግ ካላችሁ ደም ስጡ። ባሕር ዳር የደም ባንክ አለ፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ ለሐሙስ ከሰዓት ቀጠሮ ያዙ። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ምሳ በልቶ ውኃ ጠጥቶ የመጣ ይሰጣል። የሰጠ ሰው በዚያ ቀን ጀሪካን አይሸከምም። ሐሙስን የመረጥነው ዐርብ ጾም ስለሆነና ከባዱ ሥራ ቅዳሜ ስለሚውል ነው።

ሐምሌን ተዉት። በሐምሌና በነሐሴ የባሕር ዳር ዝናብ ፋታ የለውም፤ የታጠበ ጋቢ በሁለት ቀን አይደርቅም። እርጥብ ልብስ ለብሶ ጎጆ ውስጥ የሚያድር ልጅ ባይታጠብለት ይሻለው ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ወባው ይበረታል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። የደጋ ልጅ ለወባ የለመደ ሰውነት የለውም፣ አጎበር መዘርጋትም አይለምድም። ደኅናው ጊዜ ከጥር 21 አስተርእዮ በኋላ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ሳምንት ነው። የጥምቀቱ ሕዝብ ከከተማው ይወጣል፣ ማደሪያም ይገኛል። ጾመ ነነዌ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ስለሆነች ሐሙስ መነሣታችሁን አትነካም፤ ብቻ ሦስቱ ቀን ላይ የዝግጅት ሩጫ እንዳይወድቅባችሁ ባሕረ ሐሳቡን ተመልከቱ። በየካቲትም ቢሆን ባሕር ዳር ላይ ያለ አጎበር አትደሩ።

ቁጥሩንም ቀንሱ። 45 ሰው ሁለት መኪና ነው፤ 28 ሰው ግን አንድ ኮስተር ነው። ለአርባ ተማሪ አጠባ 28 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ቆሞ ያያል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሣል። የሚቀሩት 17 ደብረ ታቦር ሆነው የቅያሪ ልብስ ይሰብስቡ፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋሉ የአራት ቀን ቆይታው፣ የእሱና የረዳቱ ምግብና መኝታ በማን እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። አለዚያ ጭቅጭቁ እሑድ ማታ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ሁለት ሰው፣ ቢቻል አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከጉዞው አንድ ወር አስቀድመው ሄደው ይምጡ። መንገዱ በወረታ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በደኅና ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። የመንገዱ ሁኔታና የሰዓት ገደቡ ግን ይለዋወጣል፤ በዚያው ሳምንት ከመናኸሪያም ከአስተናጋጆቻችሁም ጠይቁ፣ ከመነሻችሁ በፊት በነበረው ማታም ድገሙት። የሚሄዱት ሁለቱ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት የኔታን ነው። «ልብስ ልናጥብላቸው ነው» ብሎ አይጀመርም፤ «ለልጆቹ ምን ይቸግራል፣ የኔታ?» ተብሎ ይጠየቃል። የኔታ ማገዶ ወይም የጎጆ ክዳን ካሉ ዕቅዳችሁን ለውጡ፤ ደብሩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አጠባው ከተፈቀደ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ስንት ተማሪ እዚህ ያድራል? «አርባ የሚሆኑ» አይበቃም፣ ቁጥሩ በስም ይቆጠር። በአንድ ጎጆ ስንት ይተኛሉ? የሚያክከው አለ? ሰሞኑን ትኩሳት የያዘው አለ? ቧንቧው በየትኛው ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? እሳት የት ይፈቀዳል? ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ የሚወጡት በስንት ሰዓት ነው? ይህን የመጨረሻውን ረስቶ ቀን የቆረጠ ቡድን ውኃውን አፍልቶ ባዶ ግቢ ይጠብቃል።

በዚያው ጉዞ የደብሩን ሰንበት ትምህርት ቤት አግኙ። ይህ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። እከክ በአንድ ዙር መድኃኒት አያልቅም። ቅባቱ፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ፐርሜትሪን፣ ማታ ከአንገት በታች መላ አካልን፣ በጣት መሐል፣ በጥፍር ሥር፣ እስከ ውስጥ እግር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይታጠባል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። በአንድ ጎጆ የሚተኙት ሁሉ፣ የማያክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ሌሊት ካልተቀቡ ያልተቀባው ለተቀባው መልሶ ያጋባል። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ እናንተ ደብረ ታቦር ናችሁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር የሚይዝ ሰው ከባሕር ዳር በስም ሳይገኝ የመጀመሪያውን አትጀምሩ። መድኃኒቱን የሚመርጠውና የሚሰጠው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው፤ የሕፃንና የአዋቂ መጠን ስለሚለያይ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ራሳችሁ አታድሉ። ለአዋቂ አንድ ቅብ 30 ግራም ገደማ ይፈጃል፤ ለአርባ ሰው ሁለት ዙር ሰማንያ ቱቦ ማለት ነውና ወጪውን ወይም ከጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘውን ድጋፍ ከጉዞው በፊት ጨርሱ። ለተማሪዎቹም ንገሯቸው፦ ማሳከኩ ከዳኑ በኋላ እንኳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ይህን ያልሰማ ልጅ «አልሠራም» ብሎ በየቀኑ ይቀባና ቆዳው ይቆስላል።

ቅማል ካለ ጉዳዩ ከማሳከክ ያልፋል። የልብስ ቅማል ተስቦንና ግርሻ ትኩሳትን ያስተላልፋል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ተማሪ ከአጠባው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የግርሻ ሕክምና ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሽተኛው ሊብስበት ስለሚችል ክኒን ገዝቶ ጎጆ ውስጥ መስጠት አደገኛ ነው።

እንግዲህ ቀኖቹ። ሐሙስ በጠዋት ተነሡ፤ ከቀትር በፊት ዓባይን ተሻግራችሁ ከተማ ትገባላችሁ። ምሳ፣ ደም ባንክ፣ ማደሪያ ማሰናዳት። የምታድሩት በደብሩ አዳራሽ ከሆነ የሴትና የወንድ ክፍል ይለይ፤ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ታላላቆች ይደሩ። አንድ ታላቅ ከአንድ ታናሽ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ቦታ አይኑር፣ መኪና ውስጥም ቢሆን። አዳራሽ ውስጥ አጎበር የሚሰቀልበት ስለማይኖር 50 ሜትር ገመድና አሥር ጠንካራ ሚስማር ያዙ፤ ገመዱን ከግድግዳ ግድግዳ ወጥራችሁ አጎበሮቹን በላዩ ትደረድራላችሁ። ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ።

ዐርብ ዝግጅት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ይሞላል። ሒሳቡ ይህ ነው፦ ለአንድ ተማሪ ገላ 20 ሊትር፣ ሦስት ልብስ ለማጠብና ለማለቅለቅ 40 ሊትር። ለአርባው 2,400 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶና ሁለት ባለ 200 በርሜል፣ ወይም 120 ጀሪካን። ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧ ከፍቼ እሞላለሁ ያለ ቡድን ውኃው ከሄደ ሥራው እዚያው ይቆማል። ለየተማሪው አንድ የልብስና አንድ የገላ ሳሙና፣ ለመላው አጠባ አምስት ኪሎ ኦሞ፣ 150 ሜትር የማስጫ ገመድ፣ ማፍያ ሁለት በርሜል፣ ረጃጅም የእንጨት ማማሰያ። የሚፈላበት በርሜል የዘይት ወይም የኬሚካል አይሁን።

ዐርብ ማታ የጤና ባለሙያው ባለበት ቅባቱ ይሰጣል። ያደሩበት ልብስና መኝታ ሁሉ በነጋታው ይታጠባል። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው የልብስ አጠባ ቀን የሚበላሸው፦ ተማሪው ያለው ልብስ አንድ ነው። እሱ በርሜል ውስጥ ሲፈላ ልጁ ምን ይልበስ? ከፊሉ «የእኔ ንጹሕ ነው» ብሎ ልብሱን ይደብቃል፤ ዕርቃኑን ላለመሆን ነው እንጂ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። የተደበቀችው አንዲት ሸሚዝ ቅማሉን መልሳ ለጎጆው ታዳርሳለች። ስለዚህ ለአርባ ተማሪ አርባ ሙሉ ቅያሪ፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብና ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ ከደብረ ታቦር ታጥቦ ይምጣ። ከገላ መታጠቢያው ሸራ ሲወጣ ይለብሰዋል፤ ለራሱም ይቀራል። ያ የቀሩት 17 ሰዎች ሥራ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እሳቱ ይነድ። የሥራ ክፍፍሉ ለ28 ሰው እንዲህ ቢሆን ያስኬዳል፦ እሳትና በርሜል 4፣ ማጠብ 6፣ ማለቅለቅ 3፣ ማስጣት 3፣ ውኃ ማቅረብ 3፣ ፀጉር 3፣ ወጥ ቤት 4፣ መዝገብ 1፣ የመጀመሪያ እርዳታ 1። በርሜሉ ዘንድ ከ18 ዓመት በታች ያለ አይቁም፤ የነጠላ ጫፍ ይታሰር፣ ክፍት ጫማ አይደረግ። ፍል ውኃ ያቃጠለው ሰው ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይውረድበት። ኮልጌትም ቅቤም እንቁላልም አይቀባ። ደግሞ ሴቶቹን ሁሉ ወጥ ቤት አትክተቱ፤ መዝገቡንና ገንዘቡን የምትይዝ ጠንቃቃ እኅት ካለች አጠባው በሥርዓት ያልቃል። ተማሪዎቹን ገላ የሚያጥቡት፣ ማለትም ውኃ የሚያቀብሉት፣ ወንዶች ብቻ ናቸው።

አርባ ነጭ ጋቢና ነጠላ ሲፈላ የማን የማን እንደሆነ ማንም አያውቀውም። ቁጥር በእስክሪብቶ ብትጽፉ በፍላቱ ይለቃል፤ መርፌ ቁልፍ ብትሰኩ ዝጎ ጨርቁን ያበላሻል። ዐርብ ማታ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ የልብሱን ጫፍ በጥቁር ክር የተማሪውን ቁጥር ይስፋበት፦ ለ7 ሰባት ስፌት ሳይሆን «7»ን ራሱን። በመዝገቡ ከስሙ አጠገብ የልብሱ ዓይነትና ብዛት ይጻፍ፦ «12፤ ጋቢ 1፣ ሱሪ 1፣ ሸሚዝ 1»። ሲደርቅ በዚያው ቁጥር ተጠርቶ ይረከባል። ልብሱ ከፈላ ውኃ ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆይ፤ የስፌቱ መገጣጠሚያ ደግሞ በብሩሽ ይታሽ፣ ቅማሉ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነውና።

ደበሎ አይፈላም። የበግ ቆዳ ፍል ውኃ ሲነካው ይኮማተርና እንደ ጣውላ ይደርቃል። ደበሎውን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩትና ሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ቅማሉ የሚበላው ደም አጥቶ ያልቃል፣ የተፈለፈለውም አብሮ። ቁራሽ የሚለምኑበት መያዣ፣ አኩፋዳው፣ በሳሙና ይታጠብ። ላስቲኩን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈታ የአስተናጋጆቹ መዝገብ ላይ ይግባ፤ ከሁለተኛው የቅባት ዙር ጋር አንድ ላይ ቢውል ይቀላል።

ለፀጉር ቶንዶስ ከምላጭ ይሻላል፤ በየሰዉ መሐል ጥርሱ በብሩሽ ተጠርጎ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። ምላጭ የግድ ከሆነ ለአንድ ራስ አንድ ምላጭ፣ ከዚያ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በባትሪ የሚሠራ ቶንዶስ አንድ ያዙ። ሲላጩ ፎቶ አይነሣ። ፎቶ ካስፈለገ የኔታን አስፈቅዳችሁ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ታጥበው ለብሰው።

የምሳው ቁጥር 80 ነው፦ 40 ተማሪ፣ 28 እናንተ፣ የቀረው የኔታ፣ አስተናጋጆቹ፣ ሾፌርና ድንገት የመጣ እንግዳ። የቆሎ ተማሪ ለሁለት እንጀራ አይቀመጥም። ለተማሪው ሦስት፣ ለሌላው ሁለት፣ በላዩ መጠባበቂያ ጨምራችሁ 220 እንጀራ ከጋጋሪ እዘዙ፤ ከሁለት ቀን በፊት። ምስር ክክ 6 ኪሎ፣ ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር፣ በርበሬ 600 ግራም፣ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፤ ጥቅል ጎመንና ድንች ለአልጫው 15 ኪሎ። ቅዳሜ የፍስክ ቀን ቢሆንም ሥጋ አታምጡ፤ ማቀዝቀዣ የለም። ወጡም ቅዳሜ ጠዋት ይሠራ። ዐርብ ማታ ተሠርቶ በትኩሱ ተከድኖ ያደረ የምስር ወጥ በባሕር ዳር ሙቀት እስከ ምሳ ይኮመጥጣል።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ። ሁላችሁም አንድ ላይ እንድትገቡ ወደ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂዱ፤ ሌላው አማራጭ እንጦስ ኢየሱስ ነው። ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባባቸው ግማሹን ቡድን ጀልባ ላይ ማስቀመጥ ነው የሚሆነው። ጀልባው ላይ ከመሳፈራችሁ የሕይወት ጃኬት ቁጠሩ፤ 28 ሰው ከሆናችሁ 28 ጃኬት፣ ከእነ መቆለፊያው። ጉማሬ ታየ ተብሎ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይነሣ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ስለሚነሣ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ወደብ ተመለሱ፤ መኪናችሁም ሳይመሽ ደብረ ታቦር ይገባል። ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ፣ ዳር ላይም እግር አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። «በመንገዳችን እንቦጭ እንንቀል» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። እንቦጩ የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ለእሱ ሌላ ጊዜ ሌላ ጉዞ አዘጋጁ።

ስለ ወረቀት በአጭሩ፦ ከሰበካ ጉባኤያችሁ የተጻፈ፣ በወረዳ ቤተ ክህነታችሁና በሀገረ ስብከታችሁ በኩል ለባሕር ዳሩ ሀገረ ስብከት የተላለፈ ደብዳቤ፤ ግልባጩ ለደብሩ። የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ማኅተም ያረፈበት በአምስት ቅጂ፣ ኬላ ላይ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲኖር። 18 የሞላው መታወቂያውን፣ ያልሞላው የተማሪ መታወቂያና የወላጅ ፊርማ ይያዝ። የወላጅ ቅጹ ላይ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ምግብና የሚደወልበት ሁለት ስልክ ይኑር። ከተሰበሰበው ገንዘብ 15 በመቶውን ለድንገተኛ ለዩ፤ መኪና ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ አንድ ተጨማሪ አዳር የሚሸፍን ነው። ካልተነካ ለሁለተኛው ዙር ቅባት ይዋል።

ከተመለሳችሁ በኋላ እስከ አንድ ወር ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ጉንፋን ነው ብሎ አይተኛ። የወባ ትኩሳት የሚነሣው ከተነከሱ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ደብረ ታቦር ያለ ሐኪም ደግሞ ባሕር ዳር መክረማችሁን ካልነገራችሁት በምን ያውቃል?

ቲሸርቱንና ባነሩን በተመለከተ፦ ምንም አታጽፉበት፣ አታሠሩትም። በዚያ ገንዘብ ጋቢ ግዙ፤ አርባው ካልሞላ በአሥራ አምስት ጀምሩ። ለሥራው አሮጌ ልብስና ሽርጥ ይበቃችኋል፤ እናንተም የለበሳችሁትን ቅዳሜ ማታ ወደ ማደሪያችሁ ሳትገቡ አውልቃችሁ እዚያው በርሜል ውስጥ ጨምሩት።